ወገግታን ለምን ነቀላችኋት?

ለልጆች መጻሕፍት አሳታሚዎችና አርታኢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅቶች ኃላፊዎችና አርታኢዎች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በምናባዊ ታሪኮቻችን ውስጥ የፈጠርናቸው አበቦች እኛ ሳንጠየቅ መቀየራቸውን ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ ለልጆች ምናባዊ ታሪክ የምንጽፍና የምንስል ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ በባልደረቦቼ ስም የምጽፈው እኔ ከሰዓሊዎቹ አንዷ ነኝ። እንድንጽፍ ያስገደደን በቅርቡ የታተመ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው። መጽሐፉንም አሳታሚውንም በስም አንጠራም። ችግሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና ስም ማንሳቱ ጉዳዩን ያጠብበዋል።

በመጽሐፉ ውስጥ ወገግታ የምትባል አበባ ነበረች። በዚህ ምድር ላይ የለችም። ከደራሲዋ ጋር ተቀምጠን የፈጠርናት ናት። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ግን ወገግታ በውስጡ የለችም። በቦታዋ ከኢንተርኔት የወረደ ሮዝ የቼሪ አበባ ገብቷል። ያማከረን የለም። የነገረንም የለም። ያወቅነው እንደማንኛውም አንባቢ መጽሐፉን ገልጠን ነው።

ወገግታ ምን ዓይነት አበባ እንደነበረች ላስረዳ። ይህን ሳታውቁ የጠፋውን ነገር መጠን መረዳት አትችሉም።

ታሪኩ የሚካሄደው በገደል አፋፍ ላይ በተሠራ አገር ነው። ደመናው ከሰዎቹ እግር በታች ይተኛል። ሌሊቱ ረጅም ነው። ወገግታ የምትፈካው ሊነጋ ሲል ብቻ ነው። ነጭ ናት። ጉሮሮዋ ላይ ወይን ጠጅ ጭረት አላት። ከጀርባዋ ቀጭን፣ ረጅም ጭራ ይወርዳል፤ ማሯ የሚገኘው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ሥሯ ተቀጥቅጦ እጅ ላይ ታስሮ ሲያድር መዳፍን ሰማያዊ ያደርጋል። በዚያ አገር ቃል የሚገባቡ ሰዎች መዳፋቸውን በወገግታ ይቀባሉ። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ቀለሙ ይለቀዋል። የታሪኩ ዋና ልጅ የጠፋ ወንድሟን የምታገኘው የሰዎችን መዳፍ እያየች፣ ማን ቃሉን እንዳፈረሰ እየለየች ነው። ያለ አበባዋ ልጅቷ ወንድሟን የምታገኝበት መንገድ የለም።

አሁን መጽሐፉን ግለጡት። ጽሑፉ “ነጭ” ይላል፤ ሥዕሉ ሮዝ ነው። ጽሑፉ “ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሥሯን በጣቷ ቆፍራ አወጣች” ይላል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ከልጅቷ ሦስት እጥፍ የሚረዝም ዛፍ ነው። መጽሐፉን ለተማሪዎቿ ያነበበች አንዲት መምህርት ልጆቹ “ዛፉን በእጇ እንዴት ነቀለችው?” ብለው እንደጠየቋት ነግራናለች። ልጆቹ ልክ ናቸው። መልስ ግን አልነበራትም። እኛም የለንም።

ከዚህ በኋላ የምዘረዝረው የእኔን ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ተሰብስበን ስንነጋገር አንድ በአንድ የወጡትን ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ያለ ፈቃድ መቀየሩ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሕጉ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ የሞራል መብት ሰጥቶታል። ስሙ እንዲጠቀስለት መጠየቅ ይችላል። ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ መልኩ ሥራው ሲዛባ መቃወም ይችላል። እኔ ላይ የደረሰው ደግሞ ሁለቱንም የነካ ነው። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ “ሥዕል” ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስሜ አለ። ከስሜ በላይ ያለው ሥዕል ግን የእኔ አይደለም። ሰው ሲያመሰግነኝ የማላውቀው ሰው በሠራው ነገር ነው። ሲወቅሰኝም እንደዚያው።

ሁለተኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን ነው። ለምን ተቀየረ ብለን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ “ምናባዊ አይደል እንዴ? አንዱ አበባ በሌላው ቢተካ ምን ይጎዳል?” የሚል ነበር። ይህን መልስ የሰማሁት ከአንድ አርታኢ ብቻ አይደለም። ባልደረቦቼም በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ጊዜ ሰምተውታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ምናባዊ አበባ ማለት እንደመጣልን የሞነጫጨርነው አበባ ማለት አይደለም። የእውነት አበባ መልኩን ያገኘው በምክንያት ነው። ማታ የሚፈካ አበባ ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል፣ ሽታውም ማታ ይጠነክራል፤ የሚጎበኘው የእሳት እራት በጨለማ እንዲያገኘው ነው። ወፍ የሚጎበኘው አበባ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። አጥሮቻችን ላይ የሚቆመውን ኮርች አስቡት። ማሩ በረጅም ጭራ ጫፍ ላይ ያለ አበባ ካያችሁ፣ እዚያ ድረስ የሚደርስ ረጅም ምላስ ያለው ጎብኚ አለ ማለት ነው።

ይህን በደንብ ያሳየን ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ከማዳጋስካር የመጣ አንድ ነጭ ኦርኪድ መረመረ። የአበባው ጭራ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ማሩ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ዳርዊን ምላሱ የዚያን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት ማዳጋስካር ውስጥ መኖር አለበት አለ። እንዲህ ያለ ነፍሳት ያየ ሰው አልነበረም። ዳርዊን በ1882 ሞተ። እራቱ ከማዳጋስካር ተገኝቶ ስም የወጣለት በ1903 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው አበባዋን ብቻ አይቶ፣ አይቶት የማያውቀውን ፍጥረት በሐሳቡ ሳለው። ሥዕሉም ትክክል ሆነ።

እኛም ወገግታን ስንፈጥር የተከተልነው ይህን መንገድ ነው። ጭራዋን ያረዘምነው ምላሱ ረጅም የሆነ ነጭ የእሳት እራት ከልጅቷ ጋር ስለሚጓዝ ነው። እራቱ መንገድ መሪዋ ነው። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ አበባዋ ወጥታ እራቱ ቀርቷል። ያን የሚያህል ምላስ ይዞ ምላሱን የሚያስገባበት አበባ የለውም። ከቼሪ ዛፍ አጠገብ በአየር ላይ ቆሟል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ሳየው ያመኛል።

የወገግታ መነሻዋ ደግሞ እዚሁ ነው። እንሶስላ ናት። እናቶቻችንና እህቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚሞቁት፣ ሥሯ ተቀጥቅጦ ታስሮ የሚያድረው ያችው እንሶስላ። ብዙ ሰው ሥሯን ያውቃል፤ አበባዋን ልብ ብሎ ያየ ግን ጥቂት ነው። ነጭ ናት፣ ትልቅ ናት፣ ጉሮሮዋ ላይ ወይን ጠጅ ምልክት አላት፣ ረጅም ጭራም አላት። ማታ ማታ ትሸታለች። እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች ለጌጥ ይተክሏታል። እኛ ቀለሟን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ለወጥነው፣ በቀለሙ ላይ የቃል ኪዳን ሥርዓት ጨመርንበት፣ አገሯን ወደ ገደል አፋፍ ወሰድነው። ሌላው እንዳለ ነው። የአያቱን እጅ ያየ ልጅ ታሪኩን ሲያነብ “ይህን ነገር አውቀዋለሁ” እንዲል ፈልገን ነበር። እዚያ ላይ ነው ሥራችንን የቆረጣችሁት።

ሌላም ጉዳይ አለ። አንድ ባልደረባችን ታሪኩን የሠራው ከጅባራ ተነስቶ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ወይም ባሌ ሳነቴ ላይ የቆመ ጅባራ ያየ ሰው፣ ምናባዊ አገር የገባ ይመስለዋል። ቀን ፀሐይ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በዚያ መካከል ከሰው ቁመት በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚረዝም ተክል ብቻውን ይቆማል። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር አይገኝም።

ባልደረባችን ከዚህ ተነስቶ አንድ መንደር ፈጠረ። የመንደሩ ሰዎች በአንድ ትውልድ አንድ ጊዜ ብቻ የምታብብ አበባ ይጠብቃሉ። አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ የመጠበቁን ነገር ያወርሳል። ታሪኩ ስለ መጠበቅ ነው። አበባዋ የምትታየው መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የተሰጠው አስተያየት ምን መሰላችሁ? “ገጾቹ ባዶ ይመስላሉ፣ አበባዋ በሁሉም ገጽ ላይ ትግባ።” ይህ አስተያየት ከዲዛይን ክፍሉ የመጣ ነው። ታሪኩን ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ባልደረባችን እምቢ አለ። መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ። ረቂቁ እስከ ዛሬ እጁ ላይ ነው።

ምናባዊ አበባ መሳል ለእኛ አገር አዲስ ነገርም አይደለም። የብራና መጻሕፍት አናት ላይ ያለውን ሐረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ቅጠሉም፣ ጠመዝማዛውም፣ መካከሉ ላይ የሚፈካው ነገርም በየትኛውም ተራራ ላይ አልበቀለም። ጸሐፊዎቹና ሰዓሊዎቹ የፈጠሩት ነው። ግን ሥርዓት አለው። ጣታችሁን በአንዱ መስመር ላይ ብታስኬዱ የት እንደገባና የት እንደወጣ መከተል ትችላላችሁ። መስመሩ አይጠፋም። ከእነዚያ ሰዎች የተማርነው ይህን ነው።

እንቁጣጣሽን ደግሞ አስታውሱ። ሴቶቹ ልጆች አበባዮሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይሄዳሉ። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ያሉት አበቦች አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ቅጠል የተደባለቀባቸው፣ የትም የማይበቅሉ አበቦች ናቸው። የአገራችን ልጅ ምናባዊ አበባ መፍጠር የሚጀምረው መጽሐፍ ሳይገዛለት በፊት ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ነው የተዘጋጀ ሥዕል የሚሰጠው።

ሦስተኛው “ልጆች አያውቁትም” የሚለው ነው። እንሶስላን አያውቁም፣ ጅባራን አያውቁም፣ ስለዚህ የሚያውቁት አበባ ይግባ ትላላችሁ። እስቲ የትኛው የደሴ ልጅ፣ የትኛው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው የቼሪ ዛፍ ሲያብብ ያየው? ልጆች የሚያውቁት ሌላ ነው። መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገውን አደይ አበባ ያውቃሉ። የቀጋን ፍሬ እሾሁ እየወጋቸው ለቅመው በልተዋል። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በራሷ የበቀለች ጽጌረዳ መሆኗን ባይነግራቸውም ሰው፣ ፍሬዋን ያውቁታል። ጠምበለል በአጥር አጠገብ ሲሸት ያውቁታል። አገራችን ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች አሉ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ ቦታ የሌለ ነው። ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ለሚፈጠር አበባ ጉልበቱ ያለው ሰው ሞልቷል። በር ነው ያጣው።

ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎቻችንም ይህንኑ ይሉናል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች ለልጆቻቸው የአማርኛ መጽሐፍ የሚገዙት በብዙ ድካም ነው። ዘመድ ሲመጣ ያስመጣሉ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይለምናሉ። የእነዚያ ልጆች ከተማ በየዓመቱ በቼሪ አበባ ትሸፈናለች። የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ቶክዮ እ.ኤ.አ. በ1912 በስጦታ የላከቻቸው ናቸው፤ ሰው ከየአገሩ ሊያያቸው ይመጣል። አንዲት እናት መጽሐፉን ገልጣ “ይህን እኮ ከቤታችን ወጥተን እናየዋለን። ከእናንተ የፈለግነው ሌላ ነበር” ብላ ጻፈችልን።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱን። የውጭ አበባ ጠላት አይደለንም። ጃካራንዳና ቡገንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ መጥተው የከተሞቻችን ጌጥ ሆነዋል። ጽጌረዳ እያመረቱ የሚልኩት የዝዋይና የሆለታ ሠራተኞች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከእሷ ነው። ታሪኩ ጃፓን ውስጥ ቢሆን ቼሪውን በደስታ እንስለው ነበር። የምንለው ሌላ ነው፦ ታሪኩ የጠራው አበባ ይግባ።

አራተኛው በኮምፒዩተር የሚሠራው ሥዕል ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች የእኛን ንድፍ ወስደው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቀሪውን ገጽ ማስጨረስ ጀምረዋል። ንድፉን የሰጠነው ለአስተያየት ነው፤ ለማሽን መኖ እንዲሆን አይደለም። ይህን በሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገርበታለን። ለአሁኑ የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአንዲት ባልደረባችን ታሪክ ውስጥ ያለችው አበባ አምስት ቅጠል አላት፤ አምስቱ ቅጠሎች አምስት እህትማማቾች ናቸው፣ አንዷ ስትጠፋ አንድ ቅጠል ይረግፋል። ከማሽኑ የወጣው ሥዕል አንዱ ገጽ ላይ ስድስት ቅጠል አለው፣ ቀጥሎ ያለው ሰባት፣ እህትየዋ ጠፋች በተባለበት ገጽ ላይ ደግሞ ስምንት። ልጆች ይቆጥራሉ። ጣታቸውን ቅጠል ቅጠሉ ላይ እያሳረፉ ነው የሚቆጥሩት። አርታኢው ግን አልቆጠረም።

አምስተኛው የቀለም ነገር ነው። ነጭ አበባ “ወረቀት ላይ አይታይም” ተብሎ ሮዝ ይደረጋል። ነጭ የሚታየው ዙሪያው ሲጨልም ነው፤ እኛም ለዚህ ብለን የሌሊቱን ገጽ በጥቁር ሰማያዊ ሞልተነው ነበር። የቀለም ወጪ ለመቀነስ ጀርባው እንዲሳሳ ከተደረገ በኋላ አበባዋ መጥፋቷ አይገርምም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አስተያየት ደርሶናል። አበባ የሚተክለው ልጅ ወንድ ከሆነ በሴት ይተካ የሚል። ለምን? የአገራችን ገበሬና ችግኝ አፍዪ ግማሹ ማን ሆነና ነው? ይህን አስተያየት ዳግመኛ ባንሰማው ደስ ይለናል።

የመጨረሻው ክፍያ ነው። ለተዘጋጀ ሥዕልና ከባዶ ለተፈጠረ አበባ የሚከፈለው በገጽ እኩል ነው። ምናባዊ አበባ ለመፍጠር እኮ የእውነቱን ማየት ያስፈልጋል። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል እንሄዳለን። የደረቁ ናሙናዎች ለማየት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) እንለምናለን። ከቡቃያ እስከ ዘር ያለውን እንስላለን፤ ከዚያ ውስጥ መጽሐፍ ላይ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። የትራንስፖርቱም፣ የቀለሙም፣ የወረቀቱም ወጪ ከኪሳችን ነው። ሁለት ጎበዝ ሰዓሊዎች በዚህ ምክንያት የልጆች መጽሐፍ ትተው የሠርግ ካርድ ወደ መሥራት ሄደዋል። አንፈርድባቸውም። ቤተሰብ አላቸው።

እናንተም ጭንቀት እንዳለባችሁ እናውቃለን። ወረቀት ተወዷል፣ ማተሚያ ቤት ወረፋው ብዙ ነው፣ የልጆች መጽሐፍ ገዢው ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ አብረን ስላለንበት እናውቀዋለን። ነገር ግን ወገግታን ማውጣት አንድ ብር አላተረፈላችሁም። ሥዕሉ ተሠርቶ፣ ተከፍሎበት፣ እጃችሁ ላይ ነበር። የተቀየረው በግዴለሽነት ነው። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከላይ በጠቀስነው መጽሐፍ ቀጣይ እትም ላይ የወገግታ የመጀመሪያ ሥዕሎች ይመለሱ። እስከዚያው ድረስ በእጃችሁ ያለው ቅጂ ሲሸጥ የውስጥ ሥዕሎቹ የእኔ አለመሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ወረቀት ይግባበት። የሰዓሊው ስም የሚጻፈው ሥዕሉን የሠራው ሰው ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በውሎቻችን ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ለታሪኩ የተፈጠረ ተክል፣ እንስሳ ወይም ቦታ ያለ ደራሲውና ያለ ሰዓሊው የጽሑፍ ስምምነት አይቀየርም፣ አይወጣም የሚል። ማስተካከያ ካስፈለገም ከኅትመት በፊት የመጨረሻው ቅጂ ለሁለታችን ይታይ። ይህ አንድ ኢሜይል ነው፤ ጊዜ አይፈጅም።

ሦስተኛ፣ ንድፎቻችን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ውስጥ ያለ ፈቃዳችን እንዳይገቡ በጽሑፍ ቃል ግቡልን።

አራተኛ፣ ለፈጠራ ተክልና ለፈጠራ ዓለም ንድፍ ከገጽ ክፍያ ውጪ የተለየ ክፍያ ይኑር። መጠኑን ቁጭ ብለን እንነጋገርበት። ግትር አይደለንም።

አምስተኛ፣ ሥዕል የሚመርጡ የዲዛይን ባለሙያዎች ታሪኩን ሙሉውን እንዲያነቡ ይደረግ። የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቡና መጠጫ ጊዜ በላይ አይፈጅም።

በተጨማሪም ጅባራዋን የሚጠብቀው መንደር ታሪክ እንደገና እንዲታይ እንለምናለን። ረቂቁ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ የምታብበውን አበባ እንደ ባዶ ቦታ ሳይሆን እንደ ታሪኩ ልብ የሚያይ አሳታሚ ካለ፣ ባልደረባችን ነገ ጠዋት ይዞት ይመጣል።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በአካል ብትጠሩንም የንድፍ ደብተሮቻችንን ይዘን እንመጣለን፤ ወገግታን ከቡቃያዋ ጀምሮ እናሳያችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የልጆች ምናባዊ ታሪኮች ደራሲዎችና ሰዓሊዎች

በእነሱ ስም የጻፈችው፦ የወገግታ ሰዓሊ

ግልባጭ፦
ለልጆች መጻሕፍት አከፋፋዮችና መሸጫ መደብሮች
ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች
ለወላጆች